መብረር የማትችል ወፍ፣ ፊርማ የሌለው ሥዕል

ወገራ ላይ ሰጎንን ከሚያውቅ ሰው ይልቅ እንቁላሏን የሚያውቅ ይበዛል። በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጉልላት ላይ ሰባት የሰጎን እንቁላሎች ተሰክተዋል፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ለንግሥም ይሁን ለጉዳይ ጎንደር የገባ ሰው ቀና ብሎ አይቷቸዋል። ሰባቱ የፍጥረት ዕለታት መታሰቢያ ናቸው የሚል አለ፤ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል ምእመንም ልቡን ከፈጣሪው አይንቀል ብሎ የሚተረጉምም አለ። ወፏ ራሷ ግን የቆላ ናት፤ አፋርና አዋሽ፣ ኦጋዴንና ቦረና እንጂ ደጋ አትወጣም። በአገራችን ከሚገኙት ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች መካከል ጨርሶ መብረር የማይችለው የሰጎን ዘር ብቻ ነው። ያ ዘር ደግሞ ለወገራ ልጅ ከነብርና ከጅብ የራቀ ነው። የሚያውቀው በሥዕል ነው።

ሥዕል ከተባለ ሰዓሊ አለ። ወፏን በሕይወቷ አይቷት ነው የሣላት ወይስ ጭድ የተጠቀጠቀ ቆዳዋን ፊቱ አስቀምጦ? ቀለሙን ከዓይኑ አመጣው ወይስ ከሌላ መጽሐፍ ገለበጠው? ከጎንደር በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን በሚወርደው መንገድ ላይ ከ250 ዓመት ወዲህ የአገራችንን እንስሳት የሣሉና ያሣሉ የውጭ ሰዎች አልፈዋል። እነዚህን አሮጌ ሥዕሎች ምን እናድርጋቸው የሚለው ነገር በየቀኑ የሚነሣ ባይሆንም፣ ስለ ወፍና ስለ ቅርስ የሚጨነቁ ሰዎች ከተገናኙ አይቀርም።

አንደኛው ወገን ሥዕሎቹን ይወዳቸዋል። ካሜራ ባልነበረበት ዘመን የአገራችን ወፍ ምን እንደሚመስል፣ ከነቀኑና ከነቦታው የቀረልን ማስረጃ ይኸው ነው፤ በትምህርት ቤት ግድግዳ፣ በፓርኩ መግቢያ፣ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ቢሰቀልና ቢታተም ማን ይጎዳል ይላል። ሌላው ወገን ይቆጣል። ወፏን ገድለው፣ ቆዳዋን ገፈው፣ ሥዕሏን ይዘው ሄዱ፤ መንገድ የመራቸውንና ስሟን የነገራቸውን ሰው አልጻፉትም፤ ከጻፉትም ስንቱ ስህተት ነው፤ የእነሱን ሥራ እኛ የምንሰቅለው ለምንድን ነው ይላል። ሁለቱን ወገኖች በአየር ላይ ከማከራከር በደጃችን ባለ ማስረጃ መመዘን ይሻላል። ማስረጃው ሊማሊሞ ጫፍ ላይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ አክሱምን አይቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በ1770 መጀመሪያ ላይ ወደ ጎንደር ሲሄድ ሊማሊሞን በእግርና በበቅሎ ወጣ። ዛሬ መኪና እየተጠማዘዘ የሚወርድበት መንገድ ያኔ የለም። አቀበቱ ያደከማቸው አገልጋዮቹ ጫፉ ላይ ዐርፈው፣ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ከበው ሲበሉ አንድ ግዙፍ አሞራ መጣባቸው። ከሰማይ ተወርውሮ አልወረደም፤ መሬት ለመሬት ቀስ ብሎ በርሮ መጥቶ ሰዎቹ በሠሩት ክብ ውስጥ፣ ከሥጋው አጠገብ ቁጭ አለ። ሰዎቹ ጮኹ፤ ጦርና ጋሻቸውን ሊያነሡ ተሯሯጡ። አሞራው ሥጋውን ይዞ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተመለሰ። ብሩስ በጠመንጃ ጣለው።

ከዚያ የጻፈው ነው ለክርክራችን የሚጠቅመው። የወፉን ስም ንስር ወርቅ ብሎ መዘገበ። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ክብደቱ 22 ፓውንድ ነው አለ። ከመንጋጋው ሥር ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ጠንካራ ጢም አለው አለ። ሬሳውን ሲያነሣ እጁ በቢጫ ዱቄት መሸፈኑን፣ ገልብጦ ጀርባውን ሲያየው ደግሞ ዱቄቱ ቡናማ መሆኑን ጻፈ። በ1790 ኤዲንብራ ላይ የታተመው የጉዞ መጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ ስለ ዕፀዋትና እንስሳት ነው፤ የሊማሊሞው አሞራ እዚያ ውስጥ በመዳብ ቅርጽ ታትሞ ይገኛል።

አሁን እንመዝን። ስሙ ስህተት ነው፦ ወፉ ንስር ሳይሆን ዛሬም ሰሜን ተራሮች ገደል ላይ አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ ነው። ክብደቱም ስህተት ነው፦ ጢማም አሞራ ቢበዛ ወደ 8 ኪሎ ቢጠጋ ነው፤ 22 ፓውንድ ግን ወደ 10 ኪሎ ይሆናል። ተኳሹ የጣለውን ማግዘፉ አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን ከተመለሰ በኋላ ብዙ ሰዎች ስለ አገራችን የተናገረውን ሁሉ እንደ ተረት ቆጠሩበት፤ በዚህኛው ቁጥር ግን ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው። ጢሙ ግን አለ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የገለጠ የወፍ ሊቅ ሁሉ ወርቃማ ንስር የሚለውን ጽሑፍ አልፎ፣ ወፉ ምን እንደሆነ ያወቀው በዚያ ጢም ነው። ዱቄቱም ቢሆን ውሸት አይደለም። ጢማም አሞራ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ውስጥ እየታጠበ ነጭ ላባውን ራሱ እንደሚቀባ ዛሬ ይታወቃል። ብሩስ ምክንያቱን አላወቀም፤ ያየውን ግን ጽፎታል። ቁጥሩን ያጋነነ ሰው ሥዕሉን በትክክል ሊያስቀር መቻሉን ሁለቱም ወገኖች ቢቀበሉት ክርክሩ ይቀላል።

ሥዕሉ ትክክል ነው ካልን ግን ከባዱ ጥያቄ ይከተላል። የማን እጅ ነው?

ብሩስ ብቻውን አልመጣም። በ1765 ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ወጣት ሰዓሊ ቀጥሮ ነበር፤ መጀመሪያ የሰሜን አፍሪካን የሮማውያን ፍርስራሾች እንዲሥልለት፣ ኋላም እስከ ጎንደር አብሮት እንዲዘልቅ። ባሉጋኒ ዕፀዋቱን ሣለ፣ በጣልያንኛ ማስታወሻ ያዘ፣ የአየሩን ሁኔታ መዘገበ። ከጎንደር አልተመለሰም፤ ገና ወጣት ሳለ እዚያው ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒን ኢትዮጵያ እንደገባን ሞተ ብሎ በአጭሩ ያልፈዋል። በ1770 ኅዳር ወር ወደ ግሽ ዓባይ ምንጭ በተደረገው ታላቅ ጉዞ ውስጥም ባሉጋኒ የለም። ነገር ግን ነበረ። የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም በ1805 ያሰናዳው አሌክሳንደር መሪ የሟቹን ማስታወሻዎች አገላብጦ፣ ሰዓሊው በሕይወት እንደነበረና ግሽ ድረስ አብሮ እንደሄደ ለአንባቢ ገለጠ። ሥዕሎቹን ደግሞ ብሩስ ሲያሳይም ሲያሳትምም የራሱ አድርጎ ነው። በ1991 የባሉጋኒን የዕፀዋት ሥዕሎች ሰብስበው ያሳተሙት ተመራማሪዎች፣ እጁ የማን እንደሆነ በዝርዝር አሳይተው ስሙን በመጽሐፉ ርእስ ላይ አስቀምጠውታል።

እዚህ ላይ ለብሩስ የሚባል ነገር ካለ መባል አለበት። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ደመወዝ ተከፍሎት የሚሥል ሰው ሥራው የቀጣሪው ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ብሩስ ራሱ ሥዕል ተምሯል፤ አንዳንዱ በእርግጥ የእሱ እጅ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ወፎቹ ላይ ከዕፀዋቱ ይልቅ ነገሩ ድፍን ነው። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይከብዳል። ብሩስ ባይኖር ሥዕሎቹ አይኖሩም። ባሉጋኒ ከሞተ በኋላ በጎንደር የእርስ በርስ ጦርነት መካከል ጠብቋቸዋል፤ በስናር አድርጎ የኑብያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አልቀው ዕቃውን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ በ1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ፤ ነፍሱን ካተረፈ በኋላ ግን ሌላ ግመል ይዞ ወደ በረሃው ተመልሶ ሥዕሎቹንና ጽሑፎቹን አመጣ። ለሌላ ሰው ሥራ በረሃ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። ለራሱ ክብር ተመለሰ የሚል ካለም መከራከሪያ አያጣም።

እኔ እንዲህ እፈርዳለሁ፦ በረሃውን መሻገሩ አንድ ሒሳብ ነው፤ የሰዓሊውን ስም መሸሸጉ ሌላ ሒሳብ ነው። አንዱ ሌላውን አይከፍልም። ሥዕሉን ተሸክሞ ያወጣ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ የሣለው ሰው ግን ስም ይገባዋል። ደግሞም የባሉጋኒን ስም ለማንሣት የተቻኮለ ሰው እዚያው ሊማሊሞ ጫፍ ላይ የፍየል ሥጋቸው የተወሰደባቸውን ሰዎች ቢያስታውስ መልካም ነው። የእነሱን ስም ከብሩስም ከመሪም መጽሐፍ አናገኝም።

ቢሆንም ከብሩስ አንድ ነገር ሊወሰድ የማይገባው አለ። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ለእንስሳት የላቲን ስም ለማውጣት ሲሽቀዳደሙ፣ እሱ ከወፎቹ ሥር ያስቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ከአገሬው አፍ የሰማውን ነው፦ ንስር ወርቅ፣ ንስር ጥቁር፣ እርኩም፣ ዋሊያ። ዋሊያ ያለው ግን የተራራውን ፍየል ሳይሆን አረንጓዴ ርግብ ነው። የደባርቅ ሰው ጽሑፉን ብቻ ቢያነብ ቀንድ ሲፈልግ ይውል ነበር፤ ሥዕሉ ነው ያስታረቀው። ከእሱ 60 ዓመት ግድም በኋላ ሰሜንን የረገጠው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ጭላዳን፣ ዋሊያንና የሰሜኑን ቀይ ቀበሮ ለዓለም ሳይንስ በሥዕልና በላቲን ስም አስተዋወቀ፤ እሱ ደግሞ በዘዴና በጥንቃቄ ከብሩስ እጅግ የበለጠ ነበር። ጨዋታ አዋቂነቱ ግን አልነበረውም፤ ማን ያነበዋል?

እርኩም ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰጎን ለሌለበት ደገኛ፣ ወፍ ከመብረር መራመድን እንደሚመርጥ የሚያሳየው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ሲለካ ይውላል፤ ክንፉ ያነሣዋል፣ ግን ካልተገደደ አይነሣም። ዛሬ የሚጠራበትን የሳይንስ ስም በ1783 ያወጣለት ሆላንዳዊው ፒተር ቦዳርት ወፉን ሕያው ሆኖ አላየውም። ስሙን ያወጣው በፈረንሳዊው ቡፎን መድበል ውስጥ የታተመ ባለቀለም ሥዕል አይቶ ነው። እንግዲህ ሥዕልን የሚንቅ ወገን ይህን ይመልስ፦ ስማችን የተለጠፈበት ወፍ ወደ ዓለም መዝገብ የገባው በሥዕል በር ነው። ሥዕልን የሚያከብር ወገን ደግሞ ይህን ይመልስ፦ አንድ ወፍ አገሩን ረግጦ በማያውቅ ሰው፣ ከወረቀት ላይ ስም ሲወጣለት ትክክል ነው? ለእኔ የመጀመሪያው ጥያቄ ይከብደኛል፤ ሁለተኛው ያናድዳል እንጂ ወፉን የሚቀይር ነገር የለውም።

እግረኛ ወፍ ከተነሣ በደጋ ረግረግና በጅረት ዳር ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጠው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማትገኘው ቡናማዋ ወፍ አለች። ፈረንሳዊው ጌራን ሜንቪል በ1843 ነው ለሳይንስ ያስመዘገባት። የእሷ ወገኖች በየውቅያኖሱ ደሴት ላይ እየተዋለዱ ክንፋቸውን የተዉ ብዙዎች ናቸው። የእኛዋ ገና አልተወችም፤ ሲያስደነግጧት ግን ከመብረር መሮጥ ይቀናታል።

በሥዕል ላይ እምነት መጣል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያሳየው ታላቁ ምሳሌ ከእኛ አገር አይደለም፤ ግን ወደ እኛ የሚያመጣ ክር አለው። በሞሪሸስ ደሴት ዶዶ የሚባል መብረር የማይችል ወፍ ነበር። ሆላንዶች በ1598 ደሴቲቱ ላይ አገኙት፤ ብዙዎች በሚቀበሉት ቀን መሠረት በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1662 ነው። ከስልሳ ዓመት ትንሽ በለጠ። የቀረው በአብዛኛው አጥንትና ሥዕል ነው። ሩላንት ሳቨሪ የሚባለው ፍላማንዳዊ ሰዓሊ ደጋግሞ ሥሎታል፤ የሱ ዶዶ ወፍራም፣ ሆዱ የተንዘረጠጠ፣ ዝም ብሎ የሚታረድ የሚመስል ነው። ዓለም ዶዶን ቂል አድርጎ ያሰበው በዚህ ሥዕል ነው። በ1990ዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ የሚሠራው አንድሩ ኪችነር አጥንቱን ለክቶ ወፉ በዱር ሳለ ከሥዕሉ እጅግ የቀጠነ መሆን አለበት አለ፤ ሳቨሪና መሰሎቹ በመርከብ መጥቶ በግዞት የተቀለበ ወፍ፣ ወይም ልክ ባልሆነ አሞላል የተሞላ ቆዳ ሳያዩ አልቀሩም። ሥዕሉ ያየውን እንጂ ወፉን አልሣለም።

ሌላ የዶዶ ሥዕል አለ። በሕንድ በሙጋል ነገሥታት ቤት የተሣለ፣ ቀጠን ያለና በዙሪያው ሌሎች ወፎች ያሉበት፣ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ የሚገኝ። ሊቃውንት ከሁሉ ይልቅ የሚያምኑት እሱን ነው። ፊርማ የለበትም፤ የንጉሥ ጀሃንጊር የእንስሳት ሰዓሊ የነበረው ኡስታዝ መንሱር ሥራ ነው ተብሎ ይታመናል። ይኸው መንሱር በ1621 አንዲት የሜዳ አህያ ሥሏል፤ ያ ሥዕል ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ነው ያለው። በሥዕሉ ላይ በተጻፈው መሠረት አህያይቱን ቱርኮች ከሐበሻ ነው ያመጧት። ጀሃንጊር በማስታወሻው እንዳሰፈረው አንዳንዶች ሽንትሩ በቀለም የተቀባ መስሏቸው ነበር፤ ተመርምሮ ነው የፈጣሪ ሥራ መሆኑ የታወቀው። የእኛን አገር እንስሳ ያየ ዓይን ነው እንግዲህ የጠፋውን ወፍ በትክክል አስቀርቶልናል የሚባለው።

የሥዕል ተቃዋሚው ወገን ዶዶን ይዞ ይመጣል፦ ይኸው ሥዕል ያሳስታል። ደጋፊው ወገን ደግሞ መንሱርን ይዞ ይመጣል፦ ይኸው ሥዕል ያስታርማል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ማስረጃ ነው ያላቸው፤ ልዩነቱ ሰዓሊው ፊት የነበረው ወፍ ነው። የተቀለበ ወፍና የተሞላ ቆዳ የሣለ፣ የሣለው የተቀለበ ወፍና የተሞላ ቆዳ ነው።

ይህ ነገር ወደ ሰጎን ሲመጣ ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻ አይሆንም። በአፍሪካ ቀንድ ሁለት ዓይነት ሰጎን አለ። የሰሜን አፍሪካው ወንድ አንገቱና ጭኑ ቀላ ያለ ነው። በምሥራቅና በደቡብ ቆላችን ያለው የሶማሌ ሰጎን ወንድ ግን አንገቱና ጭኑ ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ በመራቢያው ወቅት ሰማያዊነቱ ይደምቃል። የበርሊኑ አንቶን ራይኸኖቭ በ1883 ሶማሌውን ለብቻው ለይቶ ስም ሲያወጣለት የያዘው ይህን የእርሳስ ቀለም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ እንደ አንድ ወፍ ቅርንጫፍ ሲቆጠር ቆይቶ፣ ባርድላይፍ ኢንተርናሽናል በ2014 ራሱን የቻለ ዝርያ ብሎ ለየው፤ ለአደጋ ተጋላጭ ተብሎም ተመዘገበ።

ታዲያ የሰጎን ቆዳ ተገፎ፣ ደርቆ፣ በሣጥን አውሮፓ ሲደርስ የአንገቱ ቀለም ይጠፋል። ላባው እንጂ ገላው ቀለሙን አይዝም። ሁለቱን ወፎች የሚለየው ምልክት በሙዚየሙ መሳቢያ ውስጥ ሞቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው ወፏን ትኩስ ሳለች ያየ ሰው የጻፈው ወይም የሣለው ብቻ ነው። ለሥዕል ከዚህ የሚበልጥ ጠበቃ የለም። ግን ወዲያው ተቃራኒው ይነሣል፦ በ19ኛው ምእተ ዓመት የታተሙ የወፍ ሥዕሎች ቀለም የሚቀቡት በእጅ ነበር፤ ቀቢዎቹ ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ከፊታቸው አንድ ናሙና አስቀምጠው መቶውን ገጽ ይቀባሉ። ቀቢው ቀይ ብሩሽ አንሥቶ ከሳተ ወፏ አገር ቀይራለች። ስለዚህ በአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የአቢሲንያ ሰጎን ተብላ ቀይ አንገት የያዘች ወፍ ያየ ሰው ሦስት ነገር ሊጠረጥር ይገባል፤ ወፏ ከሰሜን በኩል መጥታ ይሆናል፣ ሰዓሊው መካነ እንስሳት ውስጥ ያየውን ሥሎ ይሆናል፣ ወይም ቀቢው ተሳስቶ ይሆናል። የሥዕሉ ጽሑፍ ወፏ የት እንደተገኘች ካልነገረን ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አይቻልም።

(አንገቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች የሚለው ደግሞ ከሮማዊው ፕሊኒ ዘመን የመጣ ቅዠት ነው፤ እሱም ያለው ራሷን ቁጥቋጦ ውስጥ ትከታለች ነው። ቁጥቋጦው ኋላ አሸዋ ሆኗል፤ ካርቱን ሠሪዎችም ይዘውታል። የእኛዎቹም ተከትለዋል።)

ሥዕልን ከደም ለይቶ ማየት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚከብደው ሉዊስ አጋሲ ፉዌርተስ ጋ ስንደርስ ነው። አሜሪካዊው ፉዌርተስ በ1926 እና በ1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ በላከው ጓድ ውስጥ ሰዓሊ ነበር። ጎንደርንም ሰሜንንም አይቷል። ፈቃዱ የተገኘው ከራስ ተፈሪ ነው፤ ስለዚህ ተሰረቀ የሚለው ቃል እዚህ አይሠራም። ሥራው ግን ወፍ ተኩሶ መጣል ነበር። ፉዌርተስ ወፉ እንደወደቀ፣ የዓይኑ፣ የመንቁሩና የእግሩ ቀለም ሳይጠወልግ በፍጥነት ይሥላል። ከላይ የጠራነውን የደረቀ አንገት ችግር የሚያውቅ ሰው ነበር። ሥዕሎቹን ይዞ በገባበት ዓመት፣ በ1927 ነሐሴ ወር፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ መኪናው በባቡር ተመትታ ሞተ። ሥዕሎቹ ከአደጋው ተርፈዋል። በ1930 ሙዚየሙ 32ቱን በአልበም አሳተማቸው።

ተቃዋሚው ወገን እዚህ ላይ ልቡ ይደማል፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልከሰውም። ለአንድ ሥዕል ስንት ወፍ ወደቀ ብሎ መጠየቅ ያረጀ ጥያቄ አይደለም። ሆኖም በ1927 ሜዳ ላይ ቀለም በትክክል የሚይዝ ፎቶግራፍ ገና አልተለመደም ነበር። ባይሥል ኖሮ ወፎቹ ይገደሉ ነበር፤ ቆዳቸው ይሰበሰብ ነበር፤ ቀለማቸው ብቻ ይጠፋ ነበር። ጓዱ የተላከው ለናሙና ነው እንጂ ለሥዕል አይደለም። ሰዓሊውን ከጓዱ ውስጥ ብናወጣው አንድም ወፍ አይተርፍም።

ዋናዎቹ ወረቀቶች ይመለሱ የሚለውን በአጭሩ ልለፍ። የባሉጋኒና የብሩስ ሥዕሎች በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል፣ የፉዌርተስ ቺካጎ ናቸው። ከመቅደላ በጦር እንደተወሰዱት መጻሕፍት አይደሉም፤ ቀጣሪና ተቀጣሪ ባለበት፣ ከፊሉም በመንግሥት ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። ዬል በ2011 የቅጂ መብት ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ሥራዎች ምስል ማንም በነፃ እንዲወስድ ፈቅዷል፤ የ1790ው መጽሐፍም ከማንም የቅጂ መብት ውጭ ነው። ስለዚህ ይመለስልን ከሚለው ክስ ይልቅ፣ በእጃችን ያለውን ለምን አላተምነውም የሚለው ይበልጥ ያሳፍረኛል። ተቃዋሚው ወገን ምስልና ዋና ወረቀት አንድ አይደሉም ይላል፤ ትክክል ነው። ለወገራ ልጅ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምስሉ ነው።

እንግዲህ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሊማሊሞውን አሞራ አትሞ ግድግዳ ላይ ልስቀል ቢል፣ ከሥሩ ምን ይጻፍ? እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ ጢማም አሞራ። በ1770 ሊማሊሞ ጫፍ ላይ በጄምስ ብሩስ የተገደለ፤ ሥዕሉ በሉዊጂ ባሉጋኒ ወይም በብሩስ እጅ ወይም በሁለቱም፤ ብሩስ በስህተት ንስር ብሎታል፤ ክብደቱን 22 ፓውንድ ብሎ ጽፏል፣ የዚህ አሞራ ክብደት ግን 8 ኪሎ አይሞላም፤ ሥጋቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ስም አልተጻፈም። የሰጎን ሥዕል ለሚፈልግ ግን ከብሩስ መጽሐፍ አይገኝም፤ በአምስተኛው ቅጽ ውስጥ ሰጎን የለችም። እሷን የሚሥል ሰው አዋሽ ወይም ቦረና መውረድ፣ ወንዱን በመራቢያው ወቅት ማየትና የት እንዳየው መጻፍ አለበት፤ ቆዳ ፍለጋ በርሊን መሄድ አያሻውም።

መምህራኑ ጽሑፉ ለግድግዳ ረዘመ ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው፤ ክብደቱን ማውጣት ይቻላል፣ ንስር የተባለበትንም ማውጣት ይቻላል። የባሉጋኒን ስም ግን አላወጣም።